ምስጢሩ ካለቀ በኋላ የሚጻፍ መጽሐፍ

የአሜሪካዊቷን ደራሲ የሊ ባርዱጎን «ሄል ቤንት»፣ ማለትም የ«ናይንዝ ሀውስ»ን ቀጣይ ክፍል፣ ያነበቡ ሰዎች የሚሰነዝሩትን አስተያየት በተርታ ያየ ሰው አንድ ነገር ቶሎ ይታየዋል፤ አንዱ መጽሐፉን የወደደበት ምክንያት ሌላው ያዘነበት ምክንያት ነው። እንደ መጀመሪያው መጽሐፍ አለማስጨነቁ ለአንዱ እፎይታ፣ ለሌላው ክህደት ሆኗል። ጥቂት ሰዎች ተሰባስበው አንድ የማይቻል የሚመስል ሥራ ማቀዳቸው አንዱን ሲያሞቀው ሌላውን «ጨለማው የት ሄደ?» አሰኝቶታል። በመጀመሪያው መጽሐፍ የጠፋው የዳርሊንግተን መመለስም እንዲሁ፤ ከፊሉ ሲካስ ከፊሉ ቅር ብሎታል።

ይህን ክፍፍል በመጽሐፉ ድክመት ብቻ ማስረዳት አይቻልም። ሥሩ ያለው በዘውጉ ውስጥ ነው። ዳርክ አካዴሚያ በባሕርዩ ቀጣይ ክፍል የሚከብደው ዘውግ ነው፤ ለምን እንደሚከብደው ከተያዘ ግን እርስ በርስ የሚጣሉት አስተያየቶች ስለ አንድ ጉዳይ እንደሚናገሩ ይገባል።

ዳርክ አካዴሚያ ምን እንደሆነ ባጭሩ፦ ያረጀ ዩኒቨርሲቲ፣ የጎቲክ ድንጋይ፣ ቤተ መጻሕፍት፣ ራሱን የመረጠ ትንሽ የተማሪዎች ቡድን፣ በደም የሚከፈል እውቀት። ብዙዎች የዘውጉን ሥር እ.ኤ.አ. በ1992 ከታተመው የዶና ታርት ልቦለድ፣ ከ«ሲክሬት ሂስትሪ»፣ ይቆጥሩታል። ስሙና አለባበሱ በ2010ዎቹ አጋማሽ ተምብለር በተባለው ማኅበራዊ ድረ ገጽ ላይ ቅርጽ ያዘ፤ በ2020 በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ደግሞ በቲክቶክ ተጥለቀለቀ። ግቢያቸው የተዘጋባቸው ወጣቶች የሌሎችን ግቢ በመጽሐፍ መናፈቃቸው አይገርምም። በሥነ ጽሑፍ ትምህርት መቼትን ድርጊቱ የሚፈጸምበት ጊዜና ቦታ ብለን እንማራለን። በዚህ ዘውግ ግን መቼቱ ራሱ ይሠራል፤ ያባብላል፣ ይመርጣል፣ ይበላል። አንባቢ መጀመሪያ የሚወድደውም ዋናውን ገጸ ባሕርይ ሳይሆን ቦታውን ነው።

ከዚህ በኋላ የሁለቱም መጻሕፍት ታሪክ ስለሚገለጥ ያላነበበ ሰው ይወስንበት።

የመጀመሪያው መጽሐፍ «ናይንዝ ሀውስ» በጥቅምት 2019 ወጣ። ቦታው በአሜሪካ ኮኔቲከት ግዛት፣ ኒው ሄቨን ከተማ የሚገኘው ዬል ዩኒቨርሲቲ ነው። ደራሲዋ እዚያው ተምራ በ1997 ተመርቃለች፤ ዎልፍስ ሄድ የሚባለው የተማሪዎች ምስጢራዊ ማኅበር አባልም ነበረች። ማኅበራቱ በእውነት አሉ። ስከል ኤንድ ቦንስ የተመሠረተው በ1832 ነው፤ በየዓመቱ 15 የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎችን ይመርጣል፤ አባላቱ የሚሰበሰቡበት መስኮት የሌለው የድንጋይ ሕንፃም «መቃብር» ይባላል። ባርዱጎ የጨመረችው አስማቱን ነው። ስምንት ማኅበራት፣ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ጥበብ ያላቸው፦ ስከል ኤንድ ቦንስ በሕይወት ያለ ሰው ሆድ ከፍቶ አንጀት በማንበብ የአክሲዮን ገበያን ይተነብያል፤ ስክሮል ኤንድ ኪ የርቀት በር ይከፍታል፤ ቡክ ኤንድ ስኔክ ሙታንን ያናግራል፤ ማኑስክሪፕት በመስታወትና በማሳሳቻ ይሠራል፤ የኦሬሊያን ጥበብ ቃል ነው። ዘጠነኛው ቤት ሊቲ ስምንቱ ከልክ እንዳያልፉ የሚጠብቅ ነው።

አሌክስ ስተርን ወደዚህ የምትገባው ከሎስ አንጀለስ ነው። ትምህርት አቋርጣለች፣ ዕፅ ውስጥ ኖራለች፣ ብዙ ሰዎች ከተገደሉበት ቤት ብቻዋን በሕይወት ተገኝታለች፤ ሙታንንም ያለ ምንም መድኃኒት በዓይኗ ታያለች። ሊቲ ለዚህ ችሎታዋ ሲል ሙሉ የትምህርት ወጪዋን ይሸፍናል። ስለ ቤቱ ምንም አታውቅም፤ አንባቢም አያውቅም። በሊቲ የሚመራት ነባሩ ተማሪ ዳርሊንግተን ለእሷ ሲያስረዳት ለእኛም ያስረዳናል። ምልሰቱ ከአሁኑ ክረምትና ካለፈው መጸው እየተፈራረቀ ምስጢሩን በጥቂት በጥቂቱ ያወጣዋል። የመጽሐፉ ኃይል እዚህ ላይ ነው። ኃይሉ ግን የሚያልቅ ነው። ማኅበራቱ ስምንት ናቸው፤ ጥበባቸውም የተቆጠረ ነው፤ አንዴ የተገለጠ በር ሁለተኛ አይገለጥም። መጽሐፉ ሲያልቅ አሌክስ እንግዳነቷን ጨርሳለች፣ አንባቢም አብሯት ጨርሷል።

ቀጣዩ ክፍል የሚጀምረው ያ እንግዳነት ከተወሰደ በኋላ ነው። የዘውጉ ችግር ይኸው ነው። ደራሲው ወይ አዳዲስ ክፍሎችና አዳዲስ ጥበቦች እየጨመረ ቤቱን ያስፋፋል፤ ያኔ አንባቢ የመጀመሪያው ቤት ሰፍቶ የሳሳ ይመስለዋል። ወይም ከቤቱ ይወጣል፤ ያኔ አንባቢ የወደደው ቦታ ይጠፋበታል። ወይም ዘውጉን ይለውጣል። ባርዱጎ ሦስተኛውን መረጠች። «ናይንዝ ሀውስ» የግድያ ምርመራ ነበር፤ ታራ ሀቺንስን ማን ገደላት የሚል። በጥር 2023 የወጣው «ሄል ቤንት» ደግሞ የዘረፋ ዕቅድ ነው፤ የሚዘረፈው ገሃነም፣ የሚወጣው ዕቃ እዚያ የቀረው የዳርሊንግተን ነፍስ። በ2015 ባሳተመችው የወጣቶች ልቦለድ ባርዱጎ ስድስት ወጣቶችን ለእንዲህ ያለ ሥራ ስላሰማራች እጇ ለምዶታል። «ይህ ከዚያኛው ሥራዋ የመጣ ቃና ነው» የሚሉ አንባቢዎች ልክ ናቸው። ያ ቃና ፈጣን፣ ቀልድ ያለበትና ወዳጅነት የሚያሞቀው ነው። «ናይንዝ ሀውስ»ን የወደደ ሰው ግን የወደደው የአሌክስን ብቸኝነት ሊሆን ይችላል፤ ያ ሰው የሊቲዋ ዶውስ፣ መርማሪው ተርነርና የአሌክስ የክፍል ጓደኛ ሜርሲ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ሲቀመጡለት የሚጎድለው ነገር አለ።

ገሃነሙ ከየትም የመጣ የመሰላቸው አንባቢዎችም አሉ። እዚህ ላይ አልስማማም። ሊቲ ለአዲስ ገቢው የሚሰጠው ማዕረግ ዳንቴ፣ ለመሪው የሚሰጠው ደግሞ ቨርጂል ነው። ጣሊያናዊው ባለቅኔ ዳንቴ በጥንቱ ባለቅኔ በቨርጂል እየተመራ ወደ ገሃነም የወረደበትን ግጥም የሚያውቅ ሰው መንገዱ ከመጀመሪያው መጽሐፍ እንደተጠረገ ያያል። «ሄል ቤንት» ነገሩን ይገለብጠዋል፤ እዚህ ላይ ዳንቴ የተባለችው አሌክስ ናት መሪዋን ዳርሊንግተንን ፍለጋ የምትወርደው። ይህን ማስተዋል መጽሐፉን በሙሉ በሌላ ብርሃን ያሳያል፤ ብዙ አስተያየት ሰጪዎች ሳያነሡት ማለፋቸውም ያስቆጫል።

ከሁሉ በላይ የመጽሐፉን ዕቅድ የማደንቅበት ቦታ የመውረጃው መንገድ ነው። በሩ የተሠራው ስተርሊንግ መታሰቢያ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው። ይህ ሕንፃ በእውነት አለ፤ የነደፈው ጄምስ ጋምብል ሮጀርስ ሲሆን የተመረቀው በ1931 ነው። ዋናው አዳራሽ እንደ ካቴድራል ተሠርቷል፤ መንበር በሚኖርበት ቦታ የመጽሐፍ ማዋሻው ጠረጴዛ ቆሟል፤ ከጠረጴዛው በላይም ዩኒቨርሲቲውን በሴት አምሳል የሚያሳይ ትልቅ የግድግዳ ሥዕል አለ። ባርዱጎ የቤተ ክርስቲያን መልክ የያዘውን ይህን ሕንፃ ወስዳ ወደ ገሃነም የሚያወርድ መሣሪያ አደረገችው። አዲስ ሕንፃ አልጨመረችም፤ ሁሉም ተማሪ በየቀኑ የሚያልፍበትን ሕንፃ ሌላ ሥራ ሰጠችው። የቀጣይ ክፍልን ችግር ከፈታችባቸው ቦታዎች ሁሉ የተሻለው ይህ ነው። አንባቢ የሚያውቀውን ቦታ እንደገና እንግዳ ያደርግበታል።

ሥርዓቱም ዋጋ አለው። አራት ተጓዦች ያስፈልጋሉ፦ ወታደር፣ ምሁር፣ ቄስ፣ ልዑል። አራቱም ሰው የገደሉ መሆን አለባቸው። ወታደሯ አሌክስ ናት፤ ምሁሯ ዶውስ፤ ቄሱ መርማሪው ተርነር፤ ልዑሉ የስከል ኤንድ ቦንስ አባሉ ትሪፕ። አንድ ሰው ከላይ ሆኖ ይጠብቃል፤ ይህም ለአሌክስ የክፍል ጓደኛ ለሜርሲ ይደርሳታል። የእያንዳንዳቸው ግድያ በየራሳቸው ዓይን ይተረካል። በመጀመሪያው መጽሐፍ ዝም ያለችው፣ ሹራብ ለብሳ ምግብ የምታዘጋጀው ዶውስ ሰው መግደሏን ስናነብ ያለፈው መጽሐፍ ሁሉ ይለወጣል። ቀጣይ ክፍል ሊሠራ ከሚችላቸው ነገሮች ትልቁ ይህ ይመስለኛል፤ አዲስ ነገር መጨመር ሳይሆን የምናውቀውን ሰው እንዳላወቅነው ማሳየት።

ወደ ቅሬታዎቹ ስንመጣ በጣም የተለመደው «ግማሹ ድረስ አይንቀሳቀስም» የሚለው ነው። ቅሬታው እውነት አለው፤ ምክንያቱም በከፊል ቴክኒካዊ ነው። በሁለቱ መጻሕፍት መካከል 39 ወራት አልፈዋል። አንባቢ ረስቷል፤ ደራሲዋም ይህን ታውቃለች፤ ስለዚህ የማስታወሻ አንቀጾች የመጀመሪያዎቹን ምዕራፎች ሞልተዋቸዋል። በዚያ ላይ ሁለት ተጨማሪ ክሮች ገብተዋል። አንደኛው ኤይታን የተባለ የሎስ አንጀለስ ወንበዴ አሌክስን እያስፈራራ ዕዳ ሰብሳቢ ያደረገበት ነው። ሁለተኛው ከዚያው የሚወለድ ነው፤ ዕዳ ልትሰበስብ ሄዳ ላይነስ ራይተር ከሚባል ደም መጣጭ ጋር ትገናኛለች። በሊቲ በኩል ደግሞ አሌክስን የሚያሳድድ አዲስ የበላይ ተሾሟል። ሦስቱም ጫናዎች በአንድ ጊዜ ሲመጡ የዳርሊንግተን ማዳን ለረጅም ገጾች ወደ ኋላ ይገፋል። የኤይታንን ክር ሲሦውን ብትቆርጠው መጽሐፉ የሚጎዳ አይመስለኝም። የራይተርን ግን መንካት ስሕተት ነበር፤ በመጽሐፉ ውስጥ አሌክስ በእውነት ፈርታ የምትሸሸው ባላጋራ እሱ ብቻ ነው።

ሁለቱን መጻሕፍት አከታትሎ ያነበበ ሰውና ሦስት ዓመት የጠበቀ ሰው የተለያየ መጽሐፍ ነው ያነበቡት። ለተከታታዩ አንባቢ የማስታወሻ አንቀጾቹ ድግግሞሽ ናቸው፤ ለጠባቂው ደግሞ አይበቁም። ስለዚህ መጀመሪያውን ሙሉ በሙሉ መድገም ለማይችል ሰው የምመክረው የመጨረሻዎቹን 100 ገጾች ያህል ብቻ እንዲያነብ ነው፤ አምስት ነገሮችንም አጥርቶ ይያዝ። ዳርሊንግተን የጠፋው በሮዘንፌልድ አዳራሽ ምድር ቤት ሲሆን ያጠፋውም ዲኑ ሳንዶ ነው። አሌክስ ሙታንን ወደ ራሷ አስገብታ ጉልበታቸውን መጠቀም ትችላለች። ፕሮፌሰር ቤልባም ስለ አሌክስ ምንነት የተናገረችው ለቀጣዩ መጽሐፍ የተተወ ዘር ነው። በሎስ አንጀለስ የሆነው ግድያ ማን እንደፈጸመውና የአሌክስ ጓደኛ ሄሊ ምን ድርሻ እንደነበራት መታወስ አለበት፤ አለዚያ የ«ሰው የገደሉ አራት» ሥርዓት ለምን አሌክስን እንደሚመለከት አይገባም። በመጨረሻም ሦስቱን ቤቶች መለየት ያስፈልጋል፦ ኢል ባስቶኔ የሊቲ ዋና ቤት፣ ሀች ትንሿ መሸሸጊያ፣ ብላክ ኤልም የዳርሊንግተን ቤተሰብ ቤት። በመጽሐፉ ያለውን ካርታም በወረቀት ምልክት መያዝ ይረዳል፤ የመንገድ ስም መብዛት ያማረራቸው አንባቢዎች አብዛኛውን ጊዜ ካርታውን ያለፉ ናቸው።

የዳርሊንግተን ነገር ለብቻው ይታይ። በመጀመሪያው መጽሐፍ ከግማሽ በላይ የሌለ ሰው ነው፤ የምናገኘው በምልሰት ነው። የሌለን ሰው አንባቢ ራሱ ይሠራዋል። በሦስት ዓመት ውስጥ እያንዳንዱ አንባቢ የየራሱን ዳርሊንግተን ሠርቶ ጨርሶ ነበር። «ሄል ቤንት» ሲከፈት በብላክ ኤልም አዳራሽ በክብ ውስጥ ታስሮ፣ ቀንድ አብቅሎ፣ ግማሽ ጋኔን ሆኖ ይታያል። ከዚያ በኋላ የሚመለሰው ሰው ያንን ጨዋ፣ መጽሐፍ አፍቃሪ ወጣት በሙሉ አይመስልም። ፍቅር የጠበቁ አንባቢዎች የቀረበላቸው መሳሳብ ብቻ ስለሆነ አነሰባቸው፤ ፍቅር ያልፈለጉት ደግሞ መሳሳቡም በዛባቸው። ጊዜውም አስተዋጽኦ አለው። በ2023 የፍቅር ፋንታሲ ገበያውን አጥለቅልቆ ስለነበር አንባቢዎች መጻሕፍትን ደረጃ የሚሰጡበት ድረ ገጽ ጉድሪድስ በዚያው ዓመት በአንባቢዎች ምርጫው ላይ ለብቻው ዘርፍ ከፈተለት። «ሄል ቤንት» በዚያው ምርጫ በፋንታሲ ዘርፍ አሸነፈ፤ በ2019ም «ናይንዝ ሀውስ» ያሸነፈው ይህንኑ ነበር። የሽልማቱ ዘርፍ ተለይቷል፤ አንባቢው የሚጠብቀው ግን አልተለየም።

ስለ ጭካኔው መጠን የሚነሣው ክርክር የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። «ናይንዝ ሀውስ» በልጅነት የደረሰ ወሲባዊ ጥቃትን በግልጽ ያሳያል፤ ገና ሳይወጣ በ2019 ማስጠንቀቂያ ያስፈልገዋል አያስፈልገውም የሚል ክርክር አስነሥቶ ነበር። ማስጠንቀቂያ የጠየቁትን አንባቢዎች ደካማ ማለት ነውር ነው። የደራሲዋን ስም ከወጣቶች መጻሕፍት የሚያውቁ ብዙ አንባቢዎች ነበሩ፤ ይህ ደግሞ ለአዋቂዎች የጻፈችው የመጀመሪያ ልቦለዷ ነው። ሁለተኛው መጽሐፍ ግድያና ደም አለበት፣ ያን ዓይነት ትዕይንት ግን ፊት ለፊት አያስቀምጥም። ስለዚህ «ለስልሷል» የሚለው ወቀሳና «አሁን መተንፈስ ቻልኩ» የሚለው ምስጋና የሚናገሩት ስለዚሁ ለውጥ ነው። በእኔ ንባብ ለውጡ ትክክል ነው። በመጀመሪያው መጽሐፍ አሌክስ የደረሰባትን ታስታውሳለች፤ በሁለተኛው ያደረገችውን ትቆጥራለች። ጨለማው ከተበዳይነት ወደ ተጠያቂነት ተሻግሯል። ይህ ለማንበብ ቀላል መስሎ ሲያበቃ ለማሰብ የከበደ ነው።

አንድ የሚያስደስተኝ ነገር ብዙ አይወራለትም። ሙታኑ ሞትን የሚያስታውስ ቃል ሲሰሙ ይሸሻሉ፤ አሌክስ ለዚህ የምትጠቀመው ከስፔን በወጡ አይሁድ ቋንቋ በላዲኖ ከአያቷ የሰማቻቸውን አባባሎች ነው። ሌሎቹ ከላቲን መጽሐፍ የሸመደዱትን እሷ ከማጀት ይዛው መጥታለች። ክፉ መንፈስ ሲፈራ ዳዊት የሚደገምበት ቤት ያደገ አንባቢ ይህን ያለ ማብራሪያ ይረዳዋል።

አንባቢዎች በሚሰጡት የኮከብ ድምር ላይ ተመሥርቶ ሁለቱን መጻሕፍት ማወዳደር ግን ያሳስታል። የመጀመሪያውን የጠላ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሁለተኛውን አይገዛም። ስለዚህ የቀጣይ ክፍል አማካይ የሚወጣው ከወዳጆች መካከል ነው፤ ከፍ ቢል መሻሉን አያረጋግጥም። በጉድሪድስ ላይ ግማሽ ኮከብ የለም፤ ሦስት ኮከብም በመድረኩ ትርጉም «ወድጄዋለሁ» ማለት ነው፤ ሰው የሚሰጠው ግን ቅር ሲለው ነው። የሚጠቅሙት ሦስትና አራት ኮከብ የሰጡ ረጃጅም አስተያየቶች ናቸው፤ ሰጪው የወደደውንም የጎደለውንም ገጹን እየጠቀሰ ይጽፋል። እነሱን ሲያነቡ መጀመሪያ መታየት ያለበት ሁለቱን መጻሕፍት በስንት ጊዜ ልዩነት እንዳነበበ ነው፤ ቀጥሎ በመጀመሪያው የወደደው ምርመራውን፣ ቦታውን ወይስ ሰዎቹን እንደሆነ ነው። እነዚህ ሁለቱ ከታወቁ ቅሬታውን ሳያነቡ መገመት ይቻላል።

ሌሎች የዘውጉ ደራሲዎች ሌላ መንገድ ሄደዋል። ኦሊቪ ብሌክ በ2022 ባወጣችው የተከታታይ ታሪኳ ሁለተኛ መጽሐፍ፣ በ«አትላስ ፓራዶክስ»፣ ከስድስቱ ዋና ገጸ ባሕርያት አንዷን በሌላ ዘመን አስራ ቡድኑን በተነችው፤ አንባቢ የወደደው በአንድ ቤት ውስጥ ያለውን ፍትጊያ ስለነበር ቅሬታው የበረታው በዚያ ላይ ነው። ናኦሚ ኖቪክ በ2021 ባወጣችው ቀጣይ ክፍል፣ በ«ላስት ግራጁዌት»፣ ከአስማት ትምህርት ቤቱ አልወጣችም፤ ይልቅ ቤቱን እንዴት ባዶ ማድረግ ይቻላል የሚለውን የመጽሐፉ ጥያቄ አደረገችው። ልብ አንጠልጣይ ፍጻሜው ብዙዎችን አስቆጥቷል፤ ቁጣው ግን ቀጣዩን መጽሐፍ ከሚፈልግ ሰው የመጣ ነው።

በንባብ ክበብ «ሄል ቤንት»ን ለሚያነቡ ሰዎች ወደ 480 ገጹን በአራት ስብሰባ መክፈል ይሻላል፤ ሁለተኛው ስብሰባ ከመጀመሪያው ወደ ገሃነም መውረድ በፊት ማለቅ አለበት። ተጓዦቹ ሁለት ጊዜ ይወርዳሉ። ከመጀመሪያው መውረድ ሲመለሱ አጋንንት ተከትለዋቸው ይወጣሉ፤ ሁለተኛው መውረድ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው። ብዙ አንባቢ ሁለተኛውን እንደ ድግግሞሽ ያየዋል። ሦስተኛውን ስብሰባ በሁለቱ መካከል ማቆም የሚጠቅመው ለዚህ ነው፤ በመጀመሪያው ያዳኑት ሰው ያስከፈለውን ዋጋ ተነጋግረው ከጨረሱ በኋላ ሁለተኛውን የሚያነቡት ዕዳ ለመክፈል እንደሚወርዱ አውቀው ይሆናል። የራይተር ክር በዚህ መጽሐፍ እንደማይዘጋ አስቀድሞ መናገር ታሪኩን አያበላሽም፤ በመጨረሻው ስብሰባ ላይ የሚባክነውን ግማሽ ሰዓት ግን ያድናል።